ውሃው ሳይደፋ መረቡን ማየት

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጠዋት ዓሣ ሲገፈፍ ያየ ሰው የቢላዋውን ፍጥነት ያውቀዋል። ቀረሶው ይፋቃል፣ ቆዳው በአንድ ስበት ይወልቃል፣ ሥጋው ከእሾሁ ይለያል። ገዢው ይዞ የሚሄደው ሥጋውን ነው። ቅርፊቱና ቆዳው እዚያው ይቀራል፤ ከቀናቸው ፔሊካኖቹ ይሻሙበታል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ግን አለ፣ እሱም ይጣላል። ልጁን «ለምን ትጥለዋለህ?» ብትሉት «ታዲያ ምን ላድርገው ጋሼ?» ይላችኋል። እውነቱን ነው።

ያ የሚጣለው ቆዳ ውሃውና ስቡ ሲወጣለት አብዛኛው ኮላጅን ነው። ኮላጅን የኛንም ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንትና የደም ሥር ግድግዳ አያይዞ የያዘ ፕሮቲን ነው። ከሰውነታችን ጠቅላላ ፕሮቲን ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ የሚሆነው እሱ ነው። በሌሎች አገሮች ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት ኮላጅን ያወጣሉ። ቆዳውን ያጥባሉ፣ የኮምጣጤ አሲድ ውስጥ በቅዝቃዜ ይዘፈዝፉታል፣ የሟሟውን ያጣራሉ። ከዚያም ወደ ጄል ይቀየራል፤ ጄሉ ውስጥ ሕያው ሴል ይዘራል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብዙ አያስቸግርም። ጭንቁ የሚጀምረው «ይህ የሠራነው ጄል ውስጡ ምን ይመስላል?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ቀዳዳው ምን ያህል ሰፊ ነው? ክሩ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ሴሉ ከገባበት በኋላስ ምን ሆነ? ይህን ሁሉ ጄሉን ሳይቆርጡ፣ ሳያደርቁና ሴሉን ሳይገድሉ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ጄሉ ራሱ

የቅልጥም ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲረጋ አይታችሁ ይሆናል። ያ ሃይድሮጀል ነው። ጅማቱ ውስጥ የነበረው ኮላጅን በእሳት ብዛት ተፈታና ጄላቲን ሆነ። ሲቀዘቅዝ ጄላቲኑ እርስ በርሱ ተያያዘና መረብ ሠራ። መረቡም ውሃውን ያዘው። ድስቱን ብታዘነብሉት አይፈስም፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው።

ለሴል የሚዘጋጀው የኮላጅን ጄል ደግሞ ይብሳል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚገባው ኮላጅን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ግራም ነው። 2 ሚሊ ግራም ብንወስድ ጠጣሩ 0.2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው 99.8 ከመቶ ውሃና ውሃው ውስጥ የሟሙ ጨዎችና ምግቦች ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ ከሱ ነው የሚነሣው።

ሃይድሮጀል አዲስ ነገር አይደለም። ኦቶ ቪችተርሌ እና ድራሆስላቭ ሊም የተባሉ የቼክ ኬሚስቶች ለሰውነት የሚስማማ ውሃ አዘል ጄል መሥራታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቪችተርሌ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ከልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ ማሽን ሠርቶ፣ እቤቱ ውስጥ ለስላሳውን የዓይን ሌንስ አመረተ። ዛሬ በየከተማው ወጣቱ ዓይኑ ላይ የሚያደርገው ለስላሳ ሌንስ የዚያ ጄል ዘር ነው። ለሴል ማሳደጊያ ከኮላጅን ሌላም አለ። ከባሕር አልጌ የሚገኘው አልጂኔት ካልሲየም ሲነካው ይረጋል። ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ የሚሠሩም ሞልተዋል።

ሴል ምን አገባው?

ሴል በፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲያድግ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይተኛል። ሰውነት ውስጥ ግን ዙሪያውን ተከቦ ነው የሚኖረው፤ ከላይም ከታችም ከጎንም የሚይዘው ነገር አለ። ጄል የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሴሉ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ያለበትን ቦታ ይነካካል። ይጎትታል፣ ይገፋል፣ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2006 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ግንድ ሴል (ገና ወደ ተለያየ ሴል ሊቀየር የሚችል ሴል) በተለያየ ጥንካሬ ባላቸው ጄሎች ላይ አስቀመጡ። ጥንካሬው በኪሎፓስካል ሲለካ ከ0.1 እስከ 1 በሆነው፣ የአንጎልን ያህል ለስላሳ ጄል ላይ ሴሉ የነርቭ ሴል መልክ ያዘ። ከ8 እስከ 17 ኪሎፓስካል ላይ ወደ ጡንቻ አዘነበለ። ከ25 እስከ 40 ላይ ደግሞ ወደ አጥንት። ሴሉ አንድ፣ ምግቡም አንድ፤ የተለያየው የተቀመጠበት ብቻ ነው።

ሌላው ቀደም ያለ ሥራ ለኔ የበለጠ ያስገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዩጂን ቤልና ባልደረቦቹ የቆዳ ሴሎችን ተንሳፋፊ የኮላጅን ጄል ውስጥ ዘሩ። ሴሎቹ ክሮቹን እየጎተቱ ጄሉን ሰበሰቡት። በ24 ሰዓት ውስጥ የጄሉ ስፋት መጀመሪያ ከነበረው 28ኛ እጅ ድረስ ወረደ። ከሰኞ ወደ ማክሰኞ ጄሉ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ሰኞ ቀዳዳውን ለክቶ ማክሰኞ በዚያው ቁጥር መናገር አይቻልም።

እና ምስል ስንል አንድ ፎቶ አይበቃም። ያንኑ ጄል፣ ያንኑ ቦታ፣ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ አይቶ ለመጣል ከሆነ ቆርጦ ማየትም ይቻላል። ደጋግሞ ለማየት ግን አለመንካት ግዴታ ነው።

ድርቆሹን አይቶ በእንጀራው መፍረድ

ስለ ሃይድሮጀል የሚጻፉ ጽሑፎችን የገለጠ ሰው አንድ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደጋግሞ ያያል። የማር እንጀራ የሚመስል፣ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው፣ ግድግዳው ቀጭን፣ በጣም የሚያምር። ከሥሩ «የጄሉ ቀዳዳ 100 ማይክሮሜትር ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ፎቶው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። የተለመደው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚሠራው አየር በተመጠጠበት ሳጥን ውስጥ ነው። ውሃ ያለበት ነገር እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ውሃው ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ጄሉ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ተቀይሮ እንዲወጣ ይደረጋል። የቀረው ደረቅ ነገር ወርቅ ወይም ሌላ ብረት ተቀብቶ ፎቶ ይነሣል።

አሁን 99.8 ከመቶ ያልኩትን አስታውሱ። ውሃው በረዶ ሲሆን ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ ሲያድግ የፖሊመሩን፣ ማለትም መረቡን የሠራውን ረጅም ሞለኪውል፣ ክር እየገፋ ወደ ጎን ያጠራቅመዋል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታሉ ትልቅ ይሆናል፤ በፍጥነት ከቀዘቀዘ ትንሽ። በረዶው ሲወጣ ክሪስታሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ነው በፎቶው ላይ «ቀዳዳ» የተባለው። እንደ አልጂኔት ባሉ ጄሎች የእውነተኛው መረብ ክፍተት ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺኛ ነው) አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ግን 100 ማይክሮሜትር ያሳያል። ልዩነቱ በሺዎች እጥፍ ነው።

የእንጀራን ዓይን ለማወቅ ድርቆሹን መመርመር ማለት ይሄ ነው። እንዲያውም ድርቆሹ ይሻላል፤ ተሰባብሮና ተጣምሞ ቢሆንም ዓይኑ ምጣድ ላይ የወጣ ነው። የደረቀው ጄል ላይ የሚታየው ዓይን ግን በረዶው የቦረቦረው ነው።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ማጣጣሌ አይደለም። የክሩን ውፍረት በናኖሜትር ለማየት እሱን የሚተካ የለም። እጅግ በፍጥነት አቀዝቅዞ በረዶው እንዳለ የሚያይ ዓይነትም አለ፤ ከደረቀው በጣም ይሻላል። ሁለቱም ግን ሴሉን ይገድላሉ። ነገ ተመልሶ ያንኑ ማየት የለም።

ከዓይን ይጀመራል

ሳይነኩ ማየት በውድ ማሽን ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። አሲድ ውስጥ የሟሟ ቀዝቃዛ ኮላጅን ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለ ጽሑፍ ይነበባል። አሲዱን አርግበን ወደ 37 ዲግሪ ስናስገባው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደፈርሳል፤ የአጓት መልክ ይይዛል። ያ መደፍረስ ሞለኪውሎቹ ተሰብስበው ክር መሥራታቸውን ይነግረናል። ክሩ ብርሃንን ስለሚበትን ነው ጄሉ የሚነጣው። ቀለል ያለ የብርሃን መለኪያ ያለው ላቦራቶሪ ይህን በየደቂቃው መዝግቦ ጄሉ መቼ እንደረጋ ማወቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የባሕር ዳር ነገር ልጨምር። ኮላጅን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቀስ ብሎ ሲረጋ ክሩ ይወፍራል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ሞቅ ባለ ቦታ ቶሎ ሲረጋ ክሩ ይቀጥናል፣ መረቡም ይጠባል። ጄሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚያረጋ ሰው ሙቀቱን ካልተቆጣጠረ የሚያዝያ ቀትርና የታኅሣሥ ንጋት አንድ ዓይነት ጄል አይሰጡትም። ይዘቱ አንድ ነው፣ መረቡ ግን ሌላ ነው።

ከዓይን ቀጥሎ ያለው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1957 ለባለቤትነት መብት ያቀረበው ማርቪን ሚንስኪ ነው፤ በኋላ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሙ የገነነው ሰውዬ። ዋናው ዘዴ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ከአንድ ቀጭን ንጣፍ የሚመጣው ብርሃን በቀዳዳዋ ያልፋል፤ ከላይና ከታች የሚመጣው ይታገዳል። እንዲህ ንጣፍ በንጣፍ ተነሥቶ በኮምፒውተር ሲደራረብ ባለ ሦስት አውታር ምስል ይወጣል።

ብዙ ሰው ኮንፎካልን የሚያውቀው በሚያበራ ቀለም ነው። ለኮላጅን ጄል ግን ቀለም ላያስፈልግ ይችላል። ክሩና ውሃው ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚለያይ፣ ክሩ ላይ የወደቀው ብርሃን በትንሹም ቢሆን ይንጸባረቃል። ያንን ነጸብራቅ ብቻ ሰብስቦ መረቡን ማየት ይቻላል። ሴሉ እየኖረ፣ ክሩን ሲጎትት፣ በቀጥታ ይታያል። የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ተንቀሳቃሽ ምስል ያየ ሰው አፉን ይዞ ነው የሚቀረው፤ ሴሉ እጁን ይዘረጋል፣ ክሩን ይይዛል፣ ይስባል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ከዚያ ይለቀዋል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ወደ ላይ የቆመ ክር በዚህ ዘዴ አይታይም። አግድም የተኛው ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይመልሳል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልከዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ምስሉን አይቶ «ክሮቹ ሁሉ ተኝተዋል» ብሎ ይጽፋል። የቆሙት ግን እዚያው ናቸው። ጥልቀቱም ብዙ አይደለም፤ ጄሉ በደፈረሰ ቁጥር ከጥቂት መቶ ማይክሮሜትር በታች ያለው ይጨልማል።

ኮላጅን ራሱ ሲያበራ

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሁለተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ንጹህ ነው። በጣም አጭር ብልጭታ የሚሰጥ ሌዘር ይወሰዳል፤ ብልጭታው ብዙ ጊዜ 100 ፌምቶሰከንድ ያህል ነው፣ ከአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ እንኳ እጅግ ያነሰ። ብርሃኑ 800 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ኮላጅን ክር ላይ ሲያርፍ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተዋሕደው እንደ አንድ ይወጣሉ። የወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ልክ ግማሽ ነው፤ 400 ናኖሜትር፣ ወይን ጠጅ። ማጣሪያ አድርጎ ያንን 400 ብቻ መሰብሰብ ነው። ቀለም አልተጨመረም፣ ምንም አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአይጥ ጭራ ጅማት ላይ ክሮቹ በዚህ መንገድ በምስል ታይተዋል።

ይህን የሚያደርገው ሁሉም ነገር አይደለም። ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለባቸው፤ ያም ሆኖ አደራደራቸው ከመሃል ሲገለበጥ ራሱን የማይመስል መሆን አለበት። ኮላጅን ሦስት ሰንሰለት ተገምዶ የሚሠራ ስለሆነና ግምዶቹ ክር ውስጥ በሥርዓት ስለሚሰለፉ ያሟላዋል። ጄላቲን አያሟላም። ግምዱ ተፈትቷል፤ ሥርዓቱ ጠፍቷል። ኬሚስትሪያቸው ያው ነው፤ በዚህ ብርሃን ግን አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይጨልማል።

ለጣና ዓሣ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። የከብት ኮላጅን በፈሳሽ ሟምቶ ሲለካ ግምዱ የሚፈታው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዓሣው ግን ዓሣው በሚኖርበት ውሃ ይወሰናል። የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ እንደ ኮድ ያለው 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈታል። የቲላፒያ፣ ማለትም የኛው ቀረሶ ዘመዶች፣ ኮላጅን ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። የሰው ሴል የሚያድገው በ37 ዲግሪ ነው። አያችሁ ጉዱን? ጄሉ ሙቀት ማቆያው ውስጥ ገብቶ ኮላጅንነቱን አጥቶ ወደ ጄላቲን ሊሄድ ይችላል። ክር ሲሆን የተሻለ ይጸናል፤ በኬሚካል አያይዞ ማጠንከርም ይቻላል። ግን መጽናቱን ማን ይነግረናል? በዓይን ላይለይ ይችላል። በሁለተኛ ሃርሞኒክ ግን መረቡ ቀን በቀን እየደበዘዘ ከሄደ ግምዱ እየተፈታ ነው። ካልደበዘዘ ቆሟል። ጥያቄና መሣሪያ እንዲህ ሲገጥሙ ደስ ይላል።

ጉድለቱ ዋጋው ነው። ሌዘሩ አይቀመስም። አልጂኔትን ወይም የፋብሪካ ፖሊመርን ደግሞ አያሳይም፤ ለነሱ ጨለማ ነው።

የዓይን ሐኪሙ መሣሪያ

የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ካላችሁ፣ ትልልቅ የዓይን ሕክምና ቦታ ላይ ኦሲቲ የሚባል ምርመራ ሳይታዘዝለት አይቀርም። አገጩን ማሽኑ ላይ አስደግፎ አንዲት ብርሃን ይመለከታል፤ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ሬቲና በንብርብሩ ተቆርጦ የታየ ያህል ስክሪን ላይ ይወጣል። ማንም አልቆረጠውም። ይኸው መሣሪያ ለጄል ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይኛው የጄል ክፍል የሚመለሰው ብርሃን ከታችኛው ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱን በሰዓት መለካት አይታሰብም፤ ብርሃን ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጄሉ፣ አንዱ ርቀቱ ወደሚታወቅ መስታወት ይላካል። ሲመለሱ ሞገዶቻቸው ይደራረባሉ፤ ከድርርቡ የትኛው ብርሃን ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ ይሰላል። ዘዴው በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ሥራ ነው።

ጥልቀቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከኮንፎካል ጋር አይወዳደርም። ዝርዝሩ ግን ከጥቂት ማይክሮሜትር እስከ 15 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። የኮላጅን ክር ውፍረቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ነጠላ ክር አይለይበትም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? የጄሉን ሙሉ ውፍረት ያሳያል። መሰብሰቡን፣ መሰንጠቁን፣ ውስጡ የአየር አረፋ መቅረቱን፣ ሴሎቹ የት ተከማችተው የት እንደሳሱ ያሳያል። ያውም በሰከንዶች፣ ክዳኑ ሳይከፈት። የቤልን ጄል በዚህ ቢያዩት ኖሮ መሰብሰቡን ብቻ ሳይሆን ከጠርዙ ይጀምር ከመሃል ጭምር ያዩት ነበር።

ኤምአርአይን በአጭሩ ልለፈው። እሱ የሚያየው ክሩን ሳይሆን ውሃውን ነው፤ የውሃውን የሃይድሮጅን ፍሬዎች። መረቡ በጠበቀ ቁጥር ውሃው እንደልቡ አይገላበጥም፤ ምልክቱም ቶሎ ይከስማል። በትናንሽ ናሙናዎች ላይ እንኳ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። ግን ምን ያህል ቢደፈርስ አይጨንቀውም፤ ጄሉ ሰውነት ውስጥ ከተተከለ በኋላም ያየዋል። ኤክስሬይ ደግሞ ጄልንና ውሃን ለመለየት ይቸገራል፤ ሁለቱም ለሱ አንድ ናቸው። የሚለይበት የተራቀቀ መንገድ አለ፤ ምርጡ ግን ሲንክሮትሮን የሚባል ግዙፍ ማፋጠኛ ይፈልጋል፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ እስካሁን የለም።

አንድ ዘዴ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሪሉዋን ማይክሮስኮፕ የሚባለው በብርሃን ብቻ፣ ሳይነካ፣ ጥንካሬን ይለካል እየተባለ ብዙ ተወርቶለታል። ውሃ በበዛባቸው ጄሎች ላይ ሲፈተሽ ግን የሚለካው በዋናነት የውሃውን ድርሻ ሆኖ ተገኝቷል። ጥንካሬው በብዙ እጥፍ ቢለያይም የውሃው መጠን አንድ ከሆነ ንባቡ ብዙም አይለወጥም። መሣሪያው አይዋሽም፤ የምንጠይቀውን ካላወቅን ግን የጠየቅነው የመሰለንን ሌላ ነገር ይመልስልናል።

«ሳይነካ» የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ብርሃንም ይነካል። በተለይ ሰማያዊው ሴሉን ይጎዳል። ሴል ሌሊቱን ሙሉ በየደቂቃው ብልጭ እየተደረገበት ጠዋት ቢሞት ጄሉን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ብልሃቱ ብርሃን ያላየ ጄል ከጎኑ ማስቀመጥና ማወዳደር ነው። ጥቃቅን የሚያበሩ ፍሬዎችን ጄሉ ውስጥ ጨምሮ እንቅስቃሴያቸውን የሚከታተል ዘዴም አለ። ስለ መረቡ ጥበት ብዙ ይናገራል፤ ግን ባዕድ ነገር ገብቷልና ፈጽሞ ያልተነካ አይባልም።

ከብርሃን ሌላ ቤቱም ይነካል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል 80 ከመቶ ያህሉ ነው። የሴል ማቆያ ሳጥን ብዙ ጊዜ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ይደረጋል፤ የተለመደው መመሪያ ግን የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። እዚህ 5 ከመቶ ስንል በግፊት ሲሰላ እንደ 4 ከመቶ ነው የሚሠራው። የምግቡ ፈሳሽ አሲድነት ወደ 0.1 ፒኤች ያህል ከታሰበው ይለያል፤ ቀዩ ፈሳሽ ወደ ሮዝ ያደላል። ማካካስ ይቻላል፤ ሳጥኑን ወደ 6 ከመቶ ከፍ ማድረግ ነው። ኮላጅን ደግሞ ሲረጋ ፒኤችን ይከተላል። ስለዚህ ከሌላ አገር ጽሑፍ ላይ ተገልብጦ የመጣ አሠራር እዚህ ትንሽ ለየት ያለ መረብ ቢሰጥ አይግረማችሁ። ማይክሮስኮፑ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

ማይክሮስኮፑን ስናነሣ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ብዙ ሥራ ታበላሻለች። ጄሉ የሚቀመጥበት ሳህን ታች። ተራ ፕላስቲክ ሳህን ወፍራም ነው፤ ጥሩ ሌንስ በሱ በኩል አያይም። ሌንሶቹ የተሠሩት 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መስታወት ነው። ከታች ቀጭን መስታወት የተለጠፈበት ሳህን ከሌለ በስንት ብር የተገዛ ሌንስ ብዥ ያለ ነገር ያሳያል።

ምስሉ ቁጥር ሲሆን

ምስሉ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ሌዘር አይጠይቅም፤ ላፕቶፕ ይበቃል። ኢሜጅጄ የሚባል ሶፍትዌር ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ወጥቶ በነፃ ይታደላል። ፊጂ የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ የተሞላበት ዓይነትም አለው። በሱ የክሩን አቅጣጫ፣ የቀዳዳውን ስፋት፣ ከትናንት እስከ ዛሬ የመጣውን ለውጥ መለካት ይቻላል። ተመራማሪዎች ጥሬ ምስላቸውን በነፃ የሚያስቀምጡባቸው ቋቶችም አሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባዮሎጂ፣ የኮምፒውተር ወይም የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚማር ልጅ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ ሳይጠብቅ ከዚህ መጀመር ይችላል። የጨርቃ ጨርቁን ያነሣሁት በዘፈቀደ አይደለም፤ የክር ውፍረት፣ አቅጣጫና ክፍተት መለካት የነሱ የዕለት ሥራ ነው።

ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ምስሉ ግራጫ ነው፤ ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ። ቀዳዳ ለመለካት መጀመሪያ «ከዚህ በላይ የደመቀው ክር ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ውሃ ነው» ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ያንን መስመር የሚያሰምረው ሰውዬው ነው። ትንሽ ከፍ ካደረገው ደብዛዛ ክሮች ይጠፋሉ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ዝቅ ካደረገው ጫጫታው፣ ማለትም ክር ሳይሆን ምስሉ ላይ የተበተነው ነጠብጣብ፣ ክር ይሆናል፤ ቀዳዳው ይጠባል። ከአንድ ምስል ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሳይዋሹ።

ስለዚህ አንድ ጽሑፍ «የጄላችን ቀዳዳ ይህን ያህል ማይክሮሜትር ነው» ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ጄሉ ሲታይ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ? በየትኛው ዘዴ ታየ፣ ያ ዘዴ የማያየውስ ምንድን ነው? መስመሩን የት ላይ አሰመራችሁት? ሦስተኛውን የሚመልስ ጽሑፍ ካገኛችሁ ጥሬ ምስሉንም አብሮ ያስቀመጠ መሆኑን ተመልከቱ፤ ካስቀመጠው አውርዳችሁ መስመሩን በራሳችሁ እጅ ከፍ ዝቅ አድርጉና ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እዩ።